ዩጎዝላቪያን ስናነሳ ኒኮላ ፓሺችን አንዝለል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሀገራችን የፌዴራሊዝም ክርክር በተነሳ ቁጥር ዩጎዝላቪያ ትጠራለች። አንዱ ወገን የብሔር ፌዴሬሽን ያፈረሳት ሀገር ይላታል፤ ሌላው ደግሞ አሃዳዊነት ያፈረሳት ይላል። ሁለቱም ታሪኩን የሚጀምሩት ከማርሻል ቲቶ ነው። ሀገሪቱ ግን ቲቶ ሥልጣን ከመያዛቸው ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የቆመች ናት፤ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥቷን ያስጸደቁትም ሰርቢያዊው ኒኮላ ፓሺች ናቸው። ክርክሩ ከእሳቸው ቢጀምር ብዙ ነገር ይጠራል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓሺች በ1845 በምሥራቅ ሰርቢያ፣ ዛዬቻር ከተማ ተወለዱ። ዙሪክ ሄደው ምህንድስና ተማሩ። በ1881 የራዲካል ፓርቲን ካቋቋሙት ዋነኛው ሲሆኑ፣ እስከ ገጠር መንደር ኮሚቴ የዘረጋ ፓርቲ ሰርቢያ ያየችው ያኔ ነው። ጥያቄያቸው ገበሬውን በቀጥታ የሚነካ ነበር፦ የቢሮክራሲው ጫና ይቀነስ፣ መንደርና አውራጃ ራሳቸውን ያስተዳድሩ። በ1883 መንግሥት በገበሬው እጅ ያለውን የሚሊሻ ጠመንጃ ልሰብስብ ሲል በቲሞክ ሸለቆ አመፅ ተነሳ። ፓሺች ወደ ቡልጋሪያ አመለጡ፤ በሌሉበትም ሞት ተፈረደባቸው። ወደ ሀገራቸው የተመለሱት ንጉሥ ሚላን በ1889 ዙፋኑን ሲለቁ ነው። ለአካባቢ አስተዳደር ሲሟገቱ ሞት የተፈረደባቸው እኚህ ሰው ናቸው በስተርጅናቸው ሥልጣኑን ሁሉ ቤልግሬድ ላይ ያከማቹት።

የመንግሥት ሰውነታቸውን ችሎታ የሚክድ የለም። በ1906 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ድንበሯን ለሰርቢያ አሳማና ከብት ዘጋች። ሰርቢያ ከቡልጋሪያ ጋር የጉምሩክ ስምምነት ማድረጓና መድፍ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከሽኮዳ ትታ ከፈረንሳዩ ሽናይደር ለመግዛት መነሳቷ አስቆጥቷት ነበር። ለሰርቢያ ዋናዋ ገበያ እሷ ስለነበረች መዘዙ ከባድ ነበር። ፓሺች ግን አላጎነበሱም፤ ከብቱ በቁሙ ከሚሸጥ እየታረደ በሥጋ መልክ እንዲወጣ፣ ጭነቱም በተሰሎንቄ ወደብ በኩል እንዲያልፍ አደረጉ፤ መድፉም ከፈረንሳይ ተገዛ። የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ከተገደሉ በኋላ፣ በጁላይ 1914 የቪየና የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ለምርጫ ቅስቀሳ ከቤልግሬድ ውጭ ነበሩ፤ ወረቀቱን የተቀበሉት የገንዘብ ሚኒስትሩ ላዛር ፓቹ ናቸው። መልሱን ግን ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ለኦስትሪያው መልእክተኛ ለባሮን ጊዝል በእጃቸው ያስረከቡት ፓሺች ራሳቸው ናቸው። አብዛኛውን ጥያቄ ተቀብለው፣ የኦስትሪያ ሹማምንት በሰርቢያ ምድር በሚካሄድ የወንጀል ምርመራ ይሳተፉ የሚለውን ስድስተኛውን ነጥብ አልተቀበሉም።

የዛሬው ጉዳያችን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጦሩ በ1915 ክረምት የአልባኒያን ተራሮች አቋርጦ ሲወጣ መንግሥቱ ኮርፉ ደሴት ላይ ተጠለለ። በ1917 መጀመሪያ የሩሲያው ዛር ሲወድቁ ፓሺች ትልቁን ደጋፊያቸውን አጡ፤ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ከመጡት የደቡብ ስላቭ ስደተኞች ጋር መስማማትም ግድ ሆነባቸው። ጁላይ 20 ቀን 1917 የስደተኞቹ መሪ፣ የዳልማሺያው (የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ) ክሮአት አንቴ ትሩምቢችና ፓሺች የኮርፉን መግለጫ ፈረሙ። በሰርቢያው የካራጆርጄቪች ሥርወ መንግሥት ሥር አንድ መንግሥት ይቋቋማል፤ ሕገ መንግሥቱን የሚያወጣው በሁለንተናዊና በሚስጥር ምርጫ የሚሰየም ጉባኤ ይሆናል፤ ማጽደቂያውም ከተራ አብላጫ በላይ የሆነ ልዩ የድምፅ ብልጫ ይሆናል ተባለ። ብልጫው ሁለት ሦስተኛ ይሁን ሦስት አምስተኛ ግን አልተጻፈም። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህች ክፍተት ነው። በኖቬምበር 1918 ጄኔቭ ላይ ፓሺች የሁለቱን ወገን እኩልነት የሚጠብቅ የጋራ መንግሥት ስምምነት ቢፈርሙም፣ አልጋ ወራሹ አሌክሳንደርና የሰርቢያ ሚኒስትሮች ስላልተቀበሉት በቀናት ውስጥ ፈረሰ።

የጉባኤው ምርጫ ኖቬምበር 28 ቀን 1920 ተካሄደ። ከ419 መቀመጫዎች ዴሞክራቶቹ 92፣ የፓሺች ራዲካሎች 91 አገኙ። የስትየፓን ራዲች የክሮአት ገበሬዎች ፓርቲ ደግሞ 50 አሸነፈ። በኮርፉ ባዶ የቀረውን ቁጥር የሞላው መንግሥት ያወጣው የጉባኤ የአሠራር ደንብ ነው፦ ከጠቅላላው አባላት ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ማለትም 210 ድምፅ። እንዲያውም ተወካዮቹ የዘውድ ሥርዓት ይሁን ሪፐብሊክ ገና ሳይወሰን ለንጉሡ ታማኝነት እንዲምሉ ተጠየቁ። ሪፐብሊክ የሚጠይቁት የራዲች ሰዎች ቤልግሬድ ድርሽ አላሉም። ፓሺች በጃንዋሪ 1921 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ደንቡን ሙጭጭ ብለው ያዙ።

210 ግን በቀላሉ የሚሞላ አልነበረም። የጎደለውን ፓሺች አንድ በአንድ ገዙት። 24 መቀመጫ ለነበራቸው የመህመድ ስፓሆ የቦስኒያ ሙስሊሞች በመሬት ማሻሻያው ርስታቸውን ላጡ ባለርስቶች ካሳ ተገባላቸው፤ የቦስኒያ ወሰን ሳይቆራረጥ እንዲቆይም አንቀጽ 135 ተጨመረ። የመቄዶኒያና የኮሶቮ ሙስሊሞች ፓርቲም በካሳው ገባ። ጁን 28 ቀን 1921፣ የኮሶቮ ጦርነት በሚታሰብበት በቪዶቭዳን ዕለት፣ ድምፁ ሲቆጠር 223 ደገፉ፣ 35 ተቃወሙ፣ 161 አልተገኙም። ለሁለት ሦስተኛ 280 ያስፈልግ ነበር፤ 57 ይጎድላል። በሦስት አምስተኛ ቢሆን እንኳ 252 ነው፤ አሁንም አይሞላም። ከተቃወሙት አንዱ ኮርፉ ላይ ከፓሺች ጋር የፈረሙት ትሩምቢች ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ አንድ አውራጃ ከ800,000 ሕዝብ በላይ እንዳይኖረው ደነገገ። በ1922 ሀገሪቱ በ33 አውራጃዎች ስትከፈል የክሮኤሺያ ታሪካዊ ወሰን ጠፋ፤ የየአውራጃው የበላይ ሹምም በንጉሡ የሚሾም ሆነ። አማራጭ አልነበረም እንዳይባል፣ የራዲካሎቹ ነባር የሕገ መንግሥት አዋቂ ስቶያን ፕሮቲች ሰፊ ሥልጣን ያላቸው 9 ክፍለ ሀገራት የሚያቆም ረቂቅ አቅርበው ነበር። ፓሺች አልተቀበሉትም፤ የብዙ ዘመን ጓዶቹም ተለያዩ።

ለፓሺች የሚሟገቱ ሰዎች ሁለት ነገር ያነሳሉ፤ ሁለቱም ሚዛን የሚደፉ ናቸው። ሰርቦች ከሰርቢያ ውጭ በቦስኒያና በክሮኤሺያ ተበትነው ይኖሩ ስለነበር፣ የክልል ወሰን ሲሰመር ሕዝባቸው ለሁለት እንዳይከፈል ፈርተዋል። ጣሊያንም በ1915ቱ የለንደን ውል ዳልማሺያን ስትጠይቅ ደካማ ማዕከል አደገኛ ነበር። ስጋቱን እቀበላለሁ። ስጋቱ ግን ውይይትን እንጂ በ13 ድምፅ ትርፍ ማለፍን አያጸድቅም። ግማሹ ሕዝብ ገና ከጅምሩ የሌላ ሰው ሕገ መንግሥት ነው ብሎ አየው።

ፓሺች ሲቸገሩ ራሳቸው መንገዱን ፈልገዋል። በ1925 ራዲች ከእስር ወጥተው ለዘውዱና ለሕገ መንግሥቱ ዕውቅና ሰጡና የፓሺች መንግሥት አካል ሆኑ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ፓሺች በልጃቸው የሙስና ውዝግብ ምክንያት በ1926 ከሥልጣን ወረዱ፤ ዲሴምበር 10 ቀን አረፉ። ጁን 20 ቀን 1928 የራሳቸው ፓርቲ ተወካይ ፑኒሻ ራቺች ፓርላማ ውስጥ ሽጉጥ መዝዞ ሁለት የክሮአት ተወካዮችን ገደለ፤ የቆሰሉት ስትየፓን ራዲችም በነሐሴ ወር ሞቱ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1929 ንጉሥ አሌክሳንደር ፓርላማውን በትነው ሕገ መንግሥቱን ሻሩ። ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

የዩጎዝላቪያን ስም እያነሱ ለሚጽፉላችሁ አንባቢያን የኮርፉ መግለጫና የ1921ዱ የአሠራር ደንብ በአማርኛ ተተርጉመው ጎን ለጎን ቢወጡላቸው ለክርክሩ ይረዳሉ። እስከዚያው ግን ጸሐፊዎቻችሁ ከቲቶ ሳይሆን ከ1917 እንዲጀምሩ እንድታሳስቡልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ አዲስ አበባ