መልሱን ከጥያቄው ጋር ባንድ ቀን አታውጡብን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ማታ ማታ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ፣ የ12ኛ ክፍል ናቹራልም ሶሻልም አሉ፣ ሁለት ሦስት ፍሬሽማኖችም ይመጣሉ። የጋዜጣችሁን የተማሪዎች ገጽ ይዘው ስለሚመጡ እኔም አየዋለሁ። ጥያቄዎቹ አይከፉም፣ የቸገረኝ መልሱ ነው። ከስር ወዲያው "መልስ፦ ለ" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ልጁም "ለ"ን ይሸመድዳል፣ ምርጫዎቹን ቦታ ቀያይሬ ስጠይቀው አሁንም "ለ" ይለኛል፣ ምን ልበለው?

ባለፈው ባዮሎጂ ላይ ቆላ የኖረ ሰው ደጋ ሲወጣ ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል ብላችሁ "ኦክስጅን ስለሚያንስ" አላችሁ። ውሸት አይደለም ግን ልጆቹ ከዚህ የሚረዱት ደብረ ብርሃን አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ፐርሰንት ከሸዋሮቢት ያነሰ ነው ብለው ነው። ሁለቱም ጋ ያው 21 ፐርሰንት ገደማ ነው እኮ! የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፣ እሱ ሲቀንስ ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ስለዚ መጀመሪያ ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናል፣ ከዛ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቅና መቅኔ ቀይ የደም ሴል በብዛት እንዲያመርት ያደርገዋል። ይሄን ሳስረዳ አንዷ "ኩላሊት ከሽንት ሌላ ሥራ አለው እንዴ?" አለችኝ፣ ሌላው ደግሞ ከሸዋሮቢት በመጣ ሰሞን ደረጃ ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይል እንደነበር አወራን፣ በቃ ከዛ በኋላ ያን ጥያቄ የሳተ የለም።

ታሪኩ ላይ ደግሞ የአቆጣጠር ነገር አለ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዞች ጋር ውል የተፈራረሙበትን 1833 አላችሁት። የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ መጥቶ ውሉ የተፈረመው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1841 ነው፣ በኛ ኅዳር 1834 ማለት ነው። ሰው ሁሉ አድዋን ስለለመደ፣ የካቲት 1888 በነሱ 1896 ነዋ፣ ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው፣ 8 የሚሆነው ከዛ ወዲህ ነው። ደግሞ ዓመቱ ብቻ ምን ያረጋል፣ ንጉሡ ጠመንጃ ይፈልጋሉ፣ እንግሊዝ የንግድ በር ይፈልጋል፣ ፈረንሳዮችም ከኋላ እየመጡ ነው (እነሱም በ1843 እ.ኤ.አ. ተፈራርመዋል)፣ ይሄ ሁሉ የሆነው እዚሁ ደጃችን አንኮበርና አንጎለላ ነው፣ ልጆቹ ግን የሚያውቁት ቁጥሩን ነው።

ሳይኮሎጂውን ባጭሩ ልለፈው፣ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት አይደለም። እናት "አጥና! አጥና!" እያለች ልጁ ደብተር ሲገልጥ ዝም ካለች፣ ልጁም ለዛ ሲል ደብተር መግለጥ ካበዛ እሱ ነው። የሚያስጠላው ነገር ሲቀርለት ድርጊቱ ይጨምራል፣ ቅጣት ግን ድርጊቱን ለመቀነስ ነው።

እንደውም መልሱን አቆዩልን የምለው ከራሱ ከሳይኮሎጂ ተነስቼ ነው። ሮዲገርና ካርፒኬ የሚባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፣ ሌላው አንብቦ ያስታወሰውን ሳያይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። መልሱን ከስሩ እያየ "አውቀዋለሁ" የሚለው ልጅ ያ የ5 ደቂቃው ነው፣ ማትሪክ ደግሞ በ5 ደቂቃ አይመጣም።

ስለዚ እባካችሁ ጥያቄውን ዛሬ አውጡና መልሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አድርጉት፣ ለምን እንደሆነም ሁለት መስመር ጨምሩበት፣ ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይለይ። ቦታ የለንም ካላችሁ ጥያቄዎቹን ቀንሷቸው፣ አራት አምስት ይበቃል። ልጆቹም መልሱን ለማየት ሲሉ የሚቀጥለውን ጋዜጣ ይገዛሉ፣ ለናንተም አይከፋም።

አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን