ስለ ክፍያ፣ ትዕዛዝና ደረሰኝ አሠራራችን ለውጥ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሥራስ እንዴት ይዟችኋል?

ከየካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያ የምንቀበልበት፣ ትዕዛዝ የምንይዝበትና ደረሰኝ የምንቆርጥበት መንገድ ይለወጣል። ወረቀት በር ላይ ለጥፈን ዝም ማለት እንችል ነበር። ግን ሰሞኑን ከማሸጊያ ዕቃ ሱቃችን የወረቀት ስኒና ሶፍት ልትወስዱ ስትመጡ “ደሞ ምን መጣ?” የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ቁጭ ብለን መጻፍ ይሻላል አልን። ትንሽ ረዘም ይላል። ሲመቻችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የሚለወጠውን እንንገራችሁ። ከ50 ሺህ ብር በላይ ለሆነ ግዢ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም። በባንክ፣ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ይከፈላል። ደረሰኝ ስንቆርጥ የንግድ ስማችሁንና ቲን ቁጥራችሁን (የግብር ከፋይ መለያችሁን) እናስገባለን፤ ስለዚህ ንግድ ፈቃዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ አንዴ ላኩልን። ስክሪን ሾት አይተን ዕቃ አናስረክብም። ትዕዛዝ በቴሌግራም መቀበል እንጀምራለን። አነስ ላለ ግዢ ጥሬ ብር እንደ ድሮው ይሠራል። ሁለት ጥቅል ሶፍት ልትገዛ የመጣችን እናት ስማርት ስልክ የለሽም ብለን አንመልሳትም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ይህ የእኛ ሱቅ ፈጠራ አይደለም። መንግሥት አነስተኛውን ነጋዴ ወደ ዲጂታል ሥርዓት ለማስገባት መሥራት ከጀመረ ሰነባብቷል። “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የተባለውን ስትራቴጂ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጣ። በስልክ የተላከ ትዕዛዝና በኮምፒውተር የወጣ ሰነድ እንደ ወረቀቱ ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው ያደረገው ይህ አዋጅ ነው። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ። ኤምፔሳ በ2015 መጨረሻ ተከተለ። በመሃል የፋይዳ መታወቂያ አዋጅ ወጣ፤ ዛሬ ባንክ ሄዳችሁ አዲስ ሒሳብ ክፈቱልኝ ስትሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። ነዳጅማ ታስታውሳላችሁ። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ካልሆነ አይቀዳም ተባለ፤ ታክሲዎቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ኔትወርክ ሲጠብቁ ከረሙ።

እኛን በቀጥታ የነካን ግን በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ነው። ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛ፣ ደረጃ ሐ የሚባለው ግብር ከፋይ ቀረ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ ለ ሆነ፣ ግብሩም የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ሀ ነው። ሁለተኛ፣ ከ50 ሺህ ብር በላይ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ግዢ በወጪነት አይያዝም። ደረጃ ሀ ለሆናችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የ80 ሺህ ብር የወረቀት ከረጢትና ስኒ ገዝታችሁ በጥሬ ብር ብትከፍሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያ 80 ሺህ ብር እንዳላወጣችሁት ተቆጥሮ ግብር ይሰላበታል። በስልክ ወይም በባንክ ብትከፍሉ ግን ወጪያችሁ ነው። “በካሽ ውሰዱና ልገላገል” የምትሉንን ደንበኞች ከእንግዲህ አይሆንም የምንላችሁ ለዚህ ነው። ጉዳቱ የእናንተ ነው።

“እሺ፣ ሽያጬ ሁሉ ስልክ ላይ ከታየ ግብር አይቆለልብኝም?” የሚለው ጥያቄ ሁላችሁም ጋ አለ። አንዳንዶቻችሁ ጮክ ብላችሁ ጠይቃችሁናል፣ አንዳንዶቻችሁ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብላችሁ። ስጋቱ መሠረት የለውም አንልም። ግን በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የሆነውን አስታውሱ። የቀን ገቢ ግምት ተብሎ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። መደርደሪያውን አዩ፣ ቦታውን አዩ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቁ፣ ከዚያ “በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ” የሚል ቁጥር መጣ። ቁጥሩ በዓመት ሲባዛ ያልደነገጠ አልነበረም። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ ቅሬታው ለወራት ቀጠለ። ያኔ ብዙው ነጋዴ “ይህን ያህል አልሸጥም” ከማለት ሌላ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። የሽያጭ መዝገብ የለው፣ የባንክ ወረቀት የለው።

የእኛ አቋም እንግዲህ ይሄ ነው፦ መዝገብ ያለው ነጋዴ በግምት አይሸነፍም። ዲጂታል ክፍያ የሚጠቅመን ዘመናዊ ስለሚያስመስለን ሳይሆን፣ ክርክር ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጠው ማስረጃ ስለሚሰጠን ነው።

ይህ እንዲሆን ግን አንድ ነገር ማድረግ አለባችሁ። ይህን ክፍል ደግማችሁ ብታነቡት ደስ ይለናል። የሱቁን ሒሳብና የራሳችሁን ሒሳብ ለዩ። አሁን የብዙዎቻችሁ ነገር እንዲህ ነው፦ የጁስ ሽያጭ የሚገባበት ቁጥር ላይ የእቁብ ዕጣም ይገባል፣ ወንድም ከዱባይ የላከውም ይገባል፣ የቤት ኪራይ የተዋጣውም ይገባል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁሉም ሽያጭ ነው። በተለይ ደረጃ ለ ላይ ግብሩ በጠቅላላ ሽያጭ ስለሚሰላ፣ የእቁብ ብር ከሽያጭ ጋር ከተቀላቀለ በእቁባችሁ ላይ ግብር ልትከፍሉ ነው። ለሱቁ የነጋዴ ቁጥር አውጡ፣ ደንበኛ በእሱ ብቻ ይክፈል። የግል ስልካችሁ ለግል ይሁን። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ስንት ጣጣ ያድናችኋል። እንዴት እንደሚወጣ ግራ ከገባችሁ ንግድ ፈቃድና መታወቂያ ይዛችሁ ኑ፣ ልጆቻችን ያሳዩአችኋል። አናስከፍላችሁም።

ስለ ደረሰኝ ደግሞ። መርካቶ ውስጥ ዕቃ የጠየቀ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚሰማው “በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?” የሚለውን ነው። ሁለት ዋጋ አለ። እኛ ጋ አንድ ዋጋ ብቻ ነው ያለው፣ በዚህ ምክንያት ደንበኛ ወደ ጎን ሱቅ የሄደብን ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ 15 በመቶ ቫት ቀላል ገንዘብ አይደለም። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ስንቱ ሱቅ እንደተዘጋም አይተናል። ያኔ ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ዕቃው የራሱ መሆኑን እንኳ ማስረዳት ሲያቅተው ነበር። አሁን ስማችሁና ቲን ቁጥራችሁ ያለበት ደረሰኝ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። በመንገድ ላይ ቢጠይቋችሁ አሳዩ፣ ሒሳብ ሠራተኛችሁ ቢጠይቃችሁ አሳዩ። ከፈለጋችሁ ፎቶውን በቴሌግራም እንልክላችኋለን። ሙቀት ላይ የሚደበዝዘውን የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በስድስት ወሩ ባዶ ወረቀት ነው።

ስክሪን ሾቱ ላይ ቅር የምትሉን እንደምትኖሩ እናውቃለን። “አታምኑኝም ወይ?” ትሉናላችሁ። እናምናችኋለን። የማናምነው ምስሉን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ተጨናንቆ፣ አይሱዙው በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ፣ አንድ ሰው ስልኩን ዘርግቶ “ገብቷል እኮ!” ሲል ገንዘብ ያዣችን ቀና ብላ ታያለች። ስሙ ትክክል፣ መጠኑ ትክክል፣ አረንጓዴው ምልክት አለ። እንደዚህ ዓይነት ምስል ዛሬ ማንም ጎረምሳ በደቂቃ ይሠራዋል። ከተማው ውስጥ በዚህ ያልተጭበረበረ ነጋዴ ፈልጋችሁ አታገኙም። ስለዚህ የምናየው የራሳችንን ሒሳብ ነው። የግብይት ቁጥሩን፣ ማለትም በኤፍቲ የሚጀምረውን የባንኩን ወይም የቴሌብሩን፣ ትነግሩናላችሁ፤ እኛ ጋ መግባቱን እናረጋግጣለን፣ ዕቃችሁ ይጫናል። የራሳችሁ ሱቅ ላይም እንዲሁ አድርጉ፣ በተለይ ማታ ማታ።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? ይሄ እንግዲህ የሁላችንም ራስ ምታት ነው። “ሲስተም የለም” የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምንሰማ እናንተም እኛም እናውቃለን። ብሩ ከእናንተ ወጥቶ እኛ ጋ ካልገባ ዕቃውን በስማችሁ ለይተን እናስቀምጣለን። ዋጋውም የዚያን ዕለቱ ዋጋ ነው፣ በማግስቱ ቢጨምርም በእናንተ ላይ አይጨምርም። ከመርካቶ ውጭ ላላችሁና ለአዳማና ለደብረ ብርሃን ደንበኞቻችን የምንመክረው ከመምጣታችሁ በፊት ማታ ላይ እንድትልኩ ነው። ጠዋት ተረጋግጦ፣ ታሽጎ ይጠብቃችኋል።

ለመንግሥት ያለንን ቅሬታም ሳንናገር አናልፍም። የእኛ አገር ፖሊሲ ነጋዴውን ሲገፋ ብርቱ ነው፣ ሲያግዝ ግን ይሰንፋል። የካሽ ሬጅስተር ማሽን ግዴታ ሲሆን ማሽኑን የገዛው ነጋዴው ከኪሱ ነው፤ ሲበላሽ የሚያስጠግነውም እሱ ነው። ህንድን ተመልከቱ። ዩፒአይ የሚባለውን የክፍያ ሥርዓት በእ.ኤ.አ. 2016 ጀመሩ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በዚህ መንገድ ከባንክ ሒሳብ የሚከፈለውን የሚቀበል ነጋዴ ለባንኩ ኮሚሽን እንዳይከፍል አደረጉ፤ መንግሥት ለባንኮቹ ከበጀቱ ማበረታቻ ይሰጣል። አትክልት ሻጩ ሳይቀር ጋሪው ላይ ኪውአር ኮድ የለጠፈው ስለተገደደ ሳይሆን ስለማይከስርበት ነው። እዚህም አነስተኛ ነጋዴ ለማሽኑ፣ ለሶፍትዌሩና ለዝውውሩ የሚያወጣው ወጪ የሆነ ያህሉ ቢሸፈንለት ደረሰኝ ለማስቆረጥ ይህን ያህል ተቆጣጣሪ ባላስፈለገ ነበር። በንግድ ማኅበራችን በኩል ይህንን ማንሳታችንን እንቀጥላለን። ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልን፣ አብረን እናቅርበው።

በአንጻሩ የሚጠቅም ነገር ሲመጣ አናጣጥልም። ባንክ ብድር ሲጠየቅ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ይላል፤ ካርታ የሌለው ካፌ የት ይሂድ? በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የሚባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጀመረ። መያዣ አይጠይቁም፣ የሚያዩት የሒሳብ እንቅስቃሴያችሁን ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ማሽን አይገዛም። ለበዓል ዋዜማ የስኒ ዕቃ ለመሙላት ግን ይበቃል። ወለዱንና የመክፈያ ቀኑን ግን ሳታዩ “እሺ” የሚለውን እንዳትነኩ።

ዱቤ ለምትወስዱ፦ ዱቤው አይቀርም። ደብተሩም አይቀርም፣ እንዲያውም ደብተሩን ከያዡ ከጋሽዬ እጅ የሚቀማቸው ሰው ገና አልተወለደም። የሚጨመረው ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቀሪ ሒሳባችሁ በአጭር መልእክት እንዲደርሳችሁ ነው። ቁጥሩ ከእናንተ ጋር ካልገጠመ በሳምንቱ ውስጥ ንገሩን፣ ደብተሩን ከፍተን አብረን እናያለን።

እኛ ጋ የሚቀመጠው ስማችሁ፣ ስልካችሁ፣ ቲን ቁጥራችሁና የገዛችሁት ዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ባይወጣም የእናንተን ስልክ ለማንም አንሰጥም ነበር። ከሱቃችን የሚደወልላችሁ ሰው ፒን ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ በፍጹም አይጠይቃችሁም። የጠየቃችሁ ካለ እኛ አይደለንም፣ ስልኩን ዝጉት።

የቴሌግራም ቁጥራችን ደረሰኛችሁ ላይ ታትሟል። ትዕዛዝ ስትልኩ የዕቃውን ዓይነት፣ መጠኑንና ብዛቱን ጻፉ። “የባለፈውን ላኩልኝ” የምትሉን ውድ ደንበኞቻችን፣ የባለፈው የትኛው እንደነበር እኛም ሁልጊዜ አናስታውስም። እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የደረሰን ትዕዛዝ በማግስቱ ጠዋት ይዘጋጃል። ቲን ቁጥራችሁን እስከ ጥር 25 ብትልኩልን የካቲት 1 ወረፋ አትይዙም።

ከሰላምታ ጋር
የማሸጊያ ዕቃ አቅራቢ ሱቃችሁ፣ መርካቶ