ስለ እድራችን ንብረት ያዥም ይጻፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

«ስኬታማ ሰዎች» በሚለው ዓምዳችሁ የሚቀርበው ሁሌ ባለፎቅና ባለድርጅት ነው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። የእድራችን ንብረት ያዥ ጡረተኛ ናቸው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ገመዱን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። የተመለሰውን ሳህን ይቆጥራሉ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፤ ሐዘንተኛ በተሰነጠቀ ብርጭቆ ውሃ አይጠጣም ባይ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ብዙ ጎረቤት ስማቸውን እንኳ አያውቅም፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ከየሰፈሩ በዕጣ የተሰባሰብን ሰዎች ነን። ያስተዋወቀን እሳቸው የሚጠብቁት ድንኳን ነው። ልጄ ስታድግ እንደ እሳቸው ብትሆንልኝ ደስታዬ ነው። እባካችሁ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎችም ዓምዱን ክፈቱላቸው። እሳቸውን ለማነጋገር ከፈለጋችሁ አገናኛችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ