የሚጠብቀውን ሰው ስም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ነው? ባለፈው ስለ ልጆች የቴሌቪዥን የንባብ ፕሮግራም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከአንዴም ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የአሻንጉሊቷ ፎቶ አምሯል። ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ተጠቅሷል፣ ስንት ክፍል እንደተሰራ ተጠቅሷል፣ በምረቃው ዕለት ንግግር ያደረጉት የክብር እንግዳም ከነማዕረጋቸው አሉ። ጨርሼ ጋዜጣውን ሳጥፈው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፕሮግራሙን የሰሩት ሰዎች የሉም። «የባለሙያዎች ቡድን» ብላችሁ በሁለት ቃል አልፋችኋቸዋል።

እኔም እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ጽሑፍ አዘጋጅ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ የግል ቂምም አለበት፣ ቻሉኝ።

አንድ ጊዜ የ«በ»ን ቤተሰብ የሚያስተምር የሦስት ደቂቃ ክፍል ጻፍኩ። ቀይ ኮፍያ ያደረገች ጥንቸል ናት። «በ! ቡ! ቢ!» እያለች ትዘላለች፣ በመጨረሻ ኮፍያዋ ይወድቃል። ስቱዲዮ ውስጥ እኛ ትልልቆቹ በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ይዘነው አንድ ትምህርት ቤት ሄድን፣ አንደኛ ክፍል ገብተን ከፈትንላቸው። እነሱም ሳቁ። እኔማ ልቤ ሞላ። ሲያልቅ «እሺ፣ የትኛውን ፊደል አያችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጸጥ። ቆይቶ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ኮፍያዋ ወደቀ» አለ።

አብረውን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ፣ በቀን ሂሳብ አማካሪ ተብለው የተቀጠሩ፣ ሁላችንም «ቲቸር» የምንላቸው። ያን ቀን ቲቸር ቴሌቪዥኑን ጭራሽ አላዩትም። ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አድርገው ነበር የተቀመጡት። ጉልበታቸው ላይ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አለ። የአንድ ልጅ ዓይን ከፊደሉ ሲሸሽ አንድ ጭረት ያሰምራሉ። ሲያልቅ ደብተሩን አሳዩኝ። ገጹ ጥቁር በጥቁር ሆኗል።

«ፊደሉን ላይ ጥግ ላይ ሰቅለሽዋል» አሉኝ። «ጥንቸሏ ታች ነው የምትዘለው። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። ፊደሉን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ማንበብ ስለምትችዪ።»

ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ «አትጠብቂም። ፊደሉ ገና ብቅ ሲል ትጠሪዋለሽ። ልጁ መቼ ይሞክረው?»

እንደገና ሰራነው። ፊደሉ መሃል ላይ ብቻውን ይወጣል። ጥንቸሏ መዝለሏን ታቆምና እሷም ዞር ብላ ታየዋለች። ከዚያ ሦስት ሰከንድ ዝም። ሦስት ሰከንድ ምንም አይደል ትሉ ይሆናል፣ ቴሌቪዥን ላይ ግን ዘመን ነው። ዳይሬክተራችን «ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ነው የሚመስለው» ብሎ ሊያብድ ደረሰ። ሙዚቃ እንክተትበት፣ ቢያንስ የወፍ ድምፅ፣ ምናምን። ቲቸር ንቅንቅ አላሉም። ሁለተኛውን ሙከራ ልናይ ስንሄድ ጣታቸውን ጠረጴዛ ስር አድርገው አንድ፣ ሁለት እያሉ ሲቆጥሩ አየኋቸው። ሦስት ሳይሉ ከኋላ መስመር አንዲት ልጅ «ቢ!» ብላ ጮኸች። ከጥንቸሏ ቀድማ።

በኋላ ሳነብ ይሄ ነገር የቲቸር ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ (እሳቸው ግን ከማንም ሰምተው አይደለም፣ ከክፍላቸው ነው ያገኙት)። አሜሪካኖቹ ሰሰሚ ስትሪት የሚባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም በኅዳር 1962 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲጀምሩ፣ መሥራቾቹ ጆአን ጋንዝ ኩኒ እና ሎይድ ሞሪሴት ከአሻንጉሊት ሰሪዎቹ ጎን ተመራማሪዎችን አስቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው ኤድዋርድ ፓልመር የሚባለው ሰው ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጥና ጎኑ ላይ ሌላ ስዕል ያሳየዋል፣ ስዕሉ በየሰባት በየስምንት ሰከንዱ ይቀያየራል። ልጁ ከፕሮግራሙ ወደ ስዕሉ የዞረባትን ቅጽበት ይመዘግባሉ። እዚያች ጋ ፕሮግራሙ ተሸንፏል ማለት ነው። ስርጭት ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት ፊላዴልፊያ ውስጥ የሙከራ ክፍሎቹን ለልጆች ሲያሳዩ፣ አሻንጉሊቶቹ ሲመጡ ልጆቹ ዓይናቸውን ይተክላሉ፣ ሰዎቹ ብቻ የሚታዩበት የመንገዱ ትዕይንት ሲመጣ ይበተናሉ። አሻንጉሊትና ሰው እንዳይቀላቀሉ የመከሩት ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ነበሩ። ምክሩን ጣሉት። አሻንጉሊት ሰሪው ጂም ሄንሰንም ከሰዎቹ ጋር መንገዱ ላይ የሚኖሩትን ትልቁን ቢጫ ወፍና ቆሻሻ በርሜል ውስጥ የሚኖረውን ነጭናጫ ፍጡር ሰራ። ዓለም የሚያውቃቸው ወፉንና ነጭናጫውን ነው። ከልጆቹ ጎን ተቀምጦ የመዘገበውን ሰው ማን ያውቀዋል?

ስለ ዝምታው ደግሞ ሌላ አለ። በዚሁ በሰሰሚ ስትሪት ላይ ተዋናዩ ጄምስ ኧርል ጆንስ በዚያ በሚያስፈራ ድምፁ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በጣም ቀስ እያለ የሚጠራበት ክፍል ነበር። ፊደሉ ቀድሞ ይታያል፣ እሱ ቆይቶ ይጠራዋል። ልጆቹ መጀመሪያ እሱን ተከትለው ይላሉ። ደጋግመው ሲያዩት አብረውት ይላሉ። ቆይተው ይቀድሙታል። የእኛዋ ልጅ «ቢ!» ያለችው እንግዲህ ይሄው ነው።

ፕላዝማ የተማረ ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበርን ልጆች፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት ፊት ተቀምጠናል። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ እኛ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱን ነግሮን ሄዷል። እጅ ብታወጣ ለማን? ከስክሪኑ ወዲያ ያለው ሰው እኛን አይቶን አያውቅም። ቢጠብቀን ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ፣ ፊዚክስ ላይ በተለይ።

የልጆች ንባብ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ፊደላችን ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። 33 መሠረታዊ ፊደል፣ እያንዳንዱ ሰባት ቅርፅ፣ 231 ምልክት። ብዙ ልጅ ይሄን በዜማ ይይዘዋል፣ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ያንበለብልልሃል፣ ቤተሰብም «አንብቦ ጨረሰ!» ብሎ ያጨበጭባል። ገበታው መሃል ላይ ጣትህን አድርገህ «ይሄ ማነው?» ስትለው ግን ወደ ረድፉ መጀመሪያ ተመልሶ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ...» እያለ እየዘፈነ ነው የሚደርስበት። ዘፈኑን ነው እንጂ ፊደሉን አያውቀውም። ቲቸር ይሄን በደንብ ያውቁት ነበር። ደብተራቸው ላይ «ሩ» እና «ፉ» ለብቻቸው ገጽ ነበራቸው። ካዕብ ሲባል ብዙዎቹ ቀኝ ጎናቸው መሃል ላይ ቅጥያ ያወጣሉ፣ «ቡ»፣ «ሙ»፣ «ሉ»። እነዚህ ሁለቱ ግን ከሕጉ ያፈነግጣሉ፣ ልጆቹም እዚያ ጋ ያነክሳሉ። እሳቸው እስኪነግሩኝ ድረስ እኔ፣ ስንት ዓመት ሳነብ የኖርኩት ሰው፣ ልብ ብዬው አላውቅም።

ይሄ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እኮ ነው።

ደግሞ እዚህ አገር ሰው የለም ማለቴ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉን፣ ከዚያ ፋታ ይሰጡን ነበር። ቤታችን ቁጭ ብለን፣ የማይሰሙን መሆኑን እያወቅን፣ «ጤና ይስጥልኝ» እንላለን። ያቺን ፋታ ማንም ምሁር አልነገራቸውም፣ ከመድረክ ነው የመጡት፣ ተመልካች መቼ እንደሚመልስ ያውቃሉ። ኋላ ደግሞ በፈረንጆቹ 2005 ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፣ የልጆች ፕሮግራሙ «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ም መጣ። ሁሉም ሰው ቀጭኔዋን ጸሐይን ያውቃታል። ብሩክታዊት ከዚያ በፊት የልጆች መምህርት እንደነበረች ግን ስንቱ ያውቃል? በፈረንጆቹ 2010 የሮሌክስ ሽልማት ስታገኝ ዜናው ሽልማቱ ላይ ነበር። ለእኔ ዋናው ዜና ክፍል ውስጥ ልጅ ፊት የቆመ ሰው ካሜራ ፊት መምጣቱ ነው።

የእኛው ፕሮግራም ሲጠናቀቅ የሰሪዎቹ ስም ዝርዝር መጨረሻ ላይ ወጣ። ፍጥነቱን አትጠይቁኝ፣ ንባብ ለሚያስተምር ፕሮግራም ያን ያህል በፍጥነት የሚያልፍ ጽሑፍ ራሱ ቀልድ ነው። ጽሑፍ አዘጋጅ፣ እኔ። ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ መብራት። ቲቸር «ልዩ ምስጋና» ስር፣ ከመኪና ኪራዩ ቀጥለው ነበሩ፣ የአባታቸውም ስም ተሳስቶ። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቁ። «እንኳን ለእኔ ለልጆቹም አልጠበቀም» አሉ፣ ስለ ዝርዝሩ።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። በሚቀጥለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ልትዘግቡ ስትሄዱ ጋዜጠኛችሁን ወደ ምረቃው አዳራሽ አትላኩት፣ ወደ ሙከራው ክፍል ላኩት። ጥያቄውም አንድ ይበቃል፦ ልጆቹ ሲያዩት እነሱን ያያቸው ማነው? ማንም የለም ካሏችሁ እሱንም ጻፉት። ካለ ደግሞ ስሙን ከነአባቱ አጣርታችሁ አውጡልን፣ ደብተሩንም ፎቶ አንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የልጆች ፕሮግራም ጽሑፍ አዘጋጅ