ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ
ለደሴ ከተማ ጤና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚሁ ደሴ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከሁለቱም ወገን የማየው ነገር ነው።

ወደ እኛ ዘንድ መድኃኒት ሊገዙ ሳይሆን ሊመልሱ የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ፌስታሉን መስኮቱ ላይ ታስቀምጥና «ልጄ ጠበል ገብቷል፣ ካሁን በኋላ አያስፈልገውም፤ በሌላ ቀይሩልኝ» ትላለች። ስከፍተው የአእምሮ ሕመም ክኒን ነው። ከአንዱ ስትሪፕ ላይ ሦስት አራት ተፈልቅቋል፤ የቀረው እንዳለ አለ። ከእጅ የወጣ መድኃኒት ተመልሶ መደርደሪያ ላይ አይወጣምና ይዛው ትሄዳለች። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ግን ያችው እናት ያንኑ ማዘዣ ይዛ ትመጣለች። ልጁ ብሶበታል። እንዲያውም አንዳንዱ ታስሮ ነው ያለው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። መምሪያዎና የከተማችን አብያተ ክርስቲያናት አንድ ጠረጴዛ ይቀመጡና፣ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚያደርግ አሠራር ይዘርጉ።

ጠበል አይረባም ልል አይደለም የመጣሁት። እኔም እጠመቃለሁ። ጠበል ቦታ ሐኪም ቤት የማይገኝ ነገር አለ። ጎረቤት የሸሸውን፣ ዘመድ «ነካ ያደርገዋል» ብሎ በር የዘጋበትን ሰው ጠበልተኛው አጠገቡ ያስተኛዋል። ቆሎውን ያካፍለዋል። ሌሊት ቢጮህ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ነጠላውን ያለብሰዋል። ይህን በየትኛው በጀት ይገዙታል?

ሰው መጀመሪያ ወደዚያ የሚሄደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሕመሙ ሲጀምር ቤተሰብ የሚለው ዓይነ ጥላ ነው፣ መተት ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው። ሐኪም የሚታሰበው ሁሉም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የታመመውን ሰው ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያገኘው አጥማቂው ነው፤ ንስሐ አባቱ ነው፤ በጸሎት ቤቶች ዘንድ ደግሞ ፓስተሩ ነው። የመምሪያዎ ደጃፍ ያለው እዚያ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው ግን አልተመደበበትም።

በዚህ ከተማ ላይ ያለፈውን እርስዎም ያውቁታል። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘረፈ። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው፣ ከወለጋ የመጣው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ያደረው ሕዝብ ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህም የክልላችን ሰላም እንደምናውቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ግምት፣ ጦርነት በነካቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ይኖርበታል። ከአምስቱ አንዱ ማለት በየደብሩ ቅዳሴ ላይ ከቆመው ምእመን ስንቱ እንደሆነ ቆጥረው ይዩት።

የዓረብ አገሩንም አልረሳሁም። ወሎ ልጆቹን በባቲና በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚልክ አገር ነው። ከሳዑዲ ታስረው፣ ተደብድበው የተመለሱት ሻንጣቸው ብቻ ሳይሆን እንቅልፋቸውም እዚያ የቀረ ይመስላል። አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላቸው አለ። ሰፈር ከገቡ በኋላ ግን ጉዳያቸው የእናታቸው ብቻ ይሆናል። እናት ደግሞ ጠበል ይዛ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ክኒኑ ልመለስ፤ የምበላበት ሙያ ስለሆነ ትንሽ ብዘረዝር አይቆጡኝ። ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው በእምነት ብቻ አይደለም። ጠበልተኛ ባዶ ሆዱን ነው የሚጠመቀው። ሱባዔ ከያዘ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ አይቀምስም። «ክኒን ከዋጥኩ ጾሜ ይፈርሳል» ብሎ ይተወዋል። የሚገርመው ግን እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉት መድኃኒቶች ለብዙ ሕመምተኛ ማታ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ እንዲያውም ስለሚያስተኙ ማታ ይሻላሉ። ከጾም ጋር የሚያጣላቸው የለም። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌ ደግሞ ከምግብም ከሰዓትም ጋር ጉዳይ የለውም። ይህን ለሐኪሙ «ሱባዔ ልገባ ነው» የሚል ታካሚ፣ ለታካሚውም «ሰዓቱን ላስተካክልልህ» የሚል ሐኪም ቢኖር ግማሹ ችግር ያልቅ ነበር። ግን ታካሚው ይፈራል፤ ሐኪሙም አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሚጥል በሽታ ነው። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ ሕመሙ ተከታትሎ ይጥለዋል፤ አንዱ ሳይለቀው ሌላው ይመጣል። ይህ ሕይወት ያጠፋል። ጠበል ቦታ ላይ ሲወድቅ ደግሞ አጠገቡ ያለው ሰው «ርኩሱ እየወጣ ነው» ይላል። ወገን፣ መድኃኒቱ ነው የወጣው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ አቋም የላትም እንዳይሉኝ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለመድኃኒት ነው። በኤችአይቪ ዘመን ሕዝቡ እንጦጦ ላይ መድኃኒቱን እየጣለ ሲያልቅ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዳሉ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ያች አንድ ንግግር ከስንት ፖስተር በለጠች። ለአእምሮ ሕመምም ያን ያህል ጮክ ያለ ቃል ከየደብሩ ያስፈልገናል። «ክኒኑን ጣሉ» የሚል አጥማቂ ዛሬም አለና ይህን አልደብቅም፤ የሀገረ ስብከቱ የቤት ሥራ ነው። በሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናትም «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን አቁም» የሚባልበት መድረክ አለ።

አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ አገር ችግር አዲስ አይደሉም። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜ የክርስቲያን ተራድኦ ድርጅቶች ማኅበር የተቋቋመው የእኛን ሰው ለማዳን ነው። በ1977ም እህል ተሸክመው የመጡ እነሱ ነበሩ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሚስዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የከፈቱት ነው። ያኔ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ የሚሸሽ ሰው ነበር። ዛሬ የሚሸሸው ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

«መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ጣልቃ አትግቡ ይላል» የሚል መልስ ከየቢሮው ስሰማ ኖሬያለሁ። ልክ ነው። እንዴት ይጠመቅ ብለው እንዲወስኑ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ክኒኑ በስንት ሰዓት ይዋጥ ነው። ይህ ደግሞ የጤና ሥራ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚፈልግም አይመስለኝም። አንድ የሳይካትሪ ነርስ በሳምንት ግማሽ ቀን ሰው በሚበዛባቸው ጠበል ቦታዎች ትገኝ። ነጭ ጋውን ለብሳ ጠረጴዛ ዘርግታ ሳይሆን፣ ከአጥማቂው ጋር ተዋውቃ፣ ማን መድኃኒት እንዳለው፣ ማን ታስሮ እንዳለ አውቃ። የወር መርፌውን እዚያው ብትወጋማ ሰው ሥራ ፈትቶ ወረፋ አይጠብቅም። አጥማቂዎቹና ዲያቆናቱ ደግሞ ሁለት ቀን ይሠልጥኑ፤ የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛትን፣ አፉ ውስጥ ነገር አለመክተትን፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራትን። ሰንሰለቱን ዛሬውኑ ፍቱ ብላችሁ ዘው ብትሉ ቤተሰቡ ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም፤ መድኃኒቱ ሲይዘው ራሳቸው ይፈቱታል።

መድኃኒቱ መኖሩ ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ነው። የጤና መድኅን ካርድ ይዞ መጥቶ «የለም» የተባለ ሰው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይመጣል፤ እኛም ዋጋውን ስንነግረው ዝም ብሎ ይወጣል። ወጥቶ የት እንደሚሄድ ከላይ ጽፌያለሁ። ካህኑ «ክኒንህን አትተው» ብሎ ሰብኮ ክኒኑ ከጠፋ፣ ካህኑን አዋረድነው።

ደግሞ እንደ ወሎ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የክርስቲያኑ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እስላሙ ጠበል ይመጣል፣ ክርስቲያኑ ሼኹ ዘንድ ዱአ ያስደርጋል፤ ይህን የምነግርዎ እርስዎ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ መጅሊሱም ይኑር። ሩቅያ፣ ማለትም ለፈውስ ቁርኣን፣ የሚቀራውም ሰው ያንኑ ክኒን የሚያስጥል ከሆነ ያው ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ሱባዔ የሚገባው ሰው የሚበዛው ያኔ ነውና። በአንድ ጠበል ቦታ ብቻ ቢሞከርም ይበቃል። የእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ነርሷን ይዞ የሚዞርና ስም የሚመዘግብ ልጅ አያጣም፤ አበል አንጠይቅም። ለውይይት ከጠሩን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴ ነዋሪ