ለአባባ፣ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ሐዋሳ፣ ግንቦት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሱሉልታ ብርድስ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ለሚኒስትሪ ፈተና እየተዘጋጀች ነው፤ ሒሳብ ላይ በርትታለች፣ አማርኛ ግን አሁንም ታንቀላፋበታለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆለታል። ጣራ ላይ መወርወሩን ለአባባ ጻፊልኝ ብሎኛልና ይኸው ጻፍኩ።

ስለ መኪናው ማሙሽ ደውሎ ነገረኝ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። መካኒኩም ካምቢዮው ወርዶ ይፈታ፣ አለዚያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዝቶ ይቀየር ብሏል አሉ። አባባ፣ እባክዎ አሁን አያስወርዱት። ተማሪዎቼን ዘወትር የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈታው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ዘይቱ ይታያል። መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ደልዳላ ቦታ ይቆማል። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ጥቂት እያረፈ ይሄድና ወደ ፒ ይመለሳል። ከዚያ የመለኪያ ዘንጉ ተመዝዞ በነጭ ጨርቅ ይጠረግና እንደገና ገብቶ ይነበባል። የሞተር ዘይት እንደሚለካው ሞተር አጥፍቶ የለካ ሰው ልኩን አላገኘም። ዘይቱ ከጎደለ ፓምፑ አየር እየሳበ ግፊት ያጣል፣ ማርሹም አይዝም፤ ያን ጊዜ የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከሆነ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል። ቡናማ ሆኖ ተቃጠለ ተቃጠለ ከሸተተ ሙቀት ጎድቶታል፤ ጥቁር ብናኝ ከያዘ ደግሞ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች አልቀዋል።

ማሙሽ ጨርቁን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ዘይቱ አልጎደለም። ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን አሁንም ቀይ ይታያል፣ ብናኝም የለበትም። ፍሬን ይዞ ከኤን፣ ከባዶው ማርሽ፣ ወደ ዲ፣ ወደ ፊት መሄጃው፣ ሲያስገባው መኪናው ወዲያው ያዘ። ቶዮታ ለዚህ የሚፈቅደው መዘግየት ከ1.2 ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ለኋላ ማርሽ ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ ያነሰ። ዳሽቦርዱ ላይ ኦዲ ኦፍ የሚለው የካምቢዮው መብራትም ብልጭ ድርግም አላለም፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ብልሽት ቢኖር ይል ነበር። ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ገመድም አልላላም። በመጨረሻ ሰው ጭኖ ያንኑ ዳገት ራሱ ነዳው። ምንም አልሆነም።

አባባ፣ ካምቢዮ ሾፌር አይመርጥም። የሚንሸራተት ቢሆን በማሙሽም እጅ ይንሸራተት ነበር።

ባለፈው እሑድ ማሙሽ በታክሲ ከኋላዎ ነበር፤ አልነገረዎትም መሰለኝ። የፍሬን መብራትዎ ከዳገቱ ሥር እስከ አናቱ ድረስ አልጠፋም። የፊት የፍሬን ሸራ በአንድ ዓመት ሁለቴ ማለቁም አሁን ገባኝ። ቀኝ እግርዎ ነዳጅ ሲሰጥ ግራው ፍሬኑን ይዟል። ሞተሩ ይገፋል፣ ፍሬኑ አይለቅም፤ ጉልበቱ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ፣ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ክፍል፣ ሙቀት ሆኖ ዘይቱን ያቃጥላል። ከውጭ ለሚያየው ካምቢዮው የሚንሸራተት ይመስላል።

ልማዱን እረዳለሁ። በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎን ሲነዱ ግራ እግርዎ ከፍሪሲዮን ላይ አልወረደም፤ እኔም የተማርኩት በዚያ መንገድ ብር ነው። የሚያስፈራኝ ልማዱ አይደለም። እግርዎ ፍሬኑን መርገጡን እርስዎ አለማወቅዎ ነው። ለፋሲካ መጥቼ ሳለ አንዱ ነጠላ ጫማዎ ግቢው መሐል ወልቆ ቀርቶ፣ እርስዎ በዚያ በጠጠሩ ላይ በባዶ እግርዎ እያወሩ እስከ በረንዳው ደረሱ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስኳሩ ስንት ደርሷል? ማሙሽን ስጠይቀው «ደህና ናቸው» ይለኛል። ይህችን «ደህና» አውቃታለሁ። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ከሐዋሳ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ ገበያ ወጥታለች» ትሉኝ ነበር። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ ከመናኸሪያ የተቀበለኝ አጎቴ መንገዱን ሙሉ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራኝ። እርስዎን በሩ ላይ ጥቁር ለብሰው ሳይዎት ነው ያወቅሁት። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሣሩ ላይ የካስማው ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። ለእኔ ብላችሁ ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል ይባላል። ፈተናውን አለፍኩ፣ የእናቴን ፊት ግን ሳላይ ቀረሁ። ይህን እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ አልነገርኩዎትም።

ስለዚህ በእግርዎ ነገር ዝም አይበሉኝ። የክትትል ቀንዎ ሲደርስ ሐኪሙ እግርዎን እንዲያይልዎት ይንገሩት። ዓይን አስጨፍኖ የእግርን መዳፍ በቀጭን የናይለን ክር መንካት ነው፤ ተሰማኝ፣ አልተሰማኝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። አያምም። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ስሜቱ ቀስ እያለ ስለሚጠፋ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ማታ ማታም ካልሲዎን አውልቀው የእግርዎን ሥር በመስታወት ይዩ፤ ያልተሰማዎት ቁስል እንዳይኖር።

እስከዚያ ድረስ መኪናውን ማሙሽ ይንዳው። ይህን ስል እንደሚከፋዎት አውቃለሁ። ነገር ግን ፍሬኑ ያልታመነ መኪና ይዘው በአሰብ መንገድ ካለችው ከሚሌ አይነሱም ነበር ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ክረምት እየገባ ነው፤ የእንጦጦ ጭጋግ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ እግር ማመንታት የለበትም።

ለካምቢዮው ዘይቱ ይቀየር፣ ካርተሩ፣ ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ወርዶ ማጣሪያው ይጽዳ፤ ሌላ አያስፈልገውም። ለዚህ ኮሮላ የሚሆነው ዴክስሮን 3 ነው፤ የሞተር ዘይት እንዳይጨምሩበት። በአንድ ማፍሰስ ግማሹ እንኳ አይወጣም፣ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ይደገም። ገንዘቡን በማሙሽ ሒሳብ አስገብቻለሁ። ለዘይቱም ለሐኪሙም ይበቃል።

ትምህርት ሲዘጋ ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ። መልስዎን በማሙሽ በኩል አይላኩብኝ። ራስዎ ይደውሉልኝ፤ «ደህና ነኝ» ብለውም ስልኩን አይዝጉት።

ልጅዎ