ያንን ጂ ኤፍ ኦ ሙሉውን እንዳትጨምረው

ሰላም ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ቤተሰቡስ ደህና? ስንት ጊዜ ድምፅህ ጠፍቶ ጠፍቶ ብቅ ስትል ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም የአልጌ ፎቶ! ሳቄ ነው የመጣው። እኔም አልደወልኩም፣ ስለዚህ ተካክለናል፣ ወቀሳው ይቅር። የኑሮውን ወሬ በስልክ እናወራዋለን። የኮራል ገንዳህ፣ የጨው ውኃ አኳሪየምህ ነገር ግን አያድርም፤ ምክንያቱም መልእክትህ መጨረሻ ላይ «ነገ ጂ ኤፍ ኦውን ከነከረጢቱ እገለብጠዋለሁ» ብለሃል፤ ያንን ፎስፌት ከውኃ የሚመጥጥ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት። በናትህ ተው።

ፎስፌትህ 0.4 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 0.4) መሆኑን አይቻለሁ። ከፍ ብሏል፣ አልክድህም። ባሕር ውስጥ ባለ ጤነኛ የኮራል ክምችት (ሪፍ) ላይ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.02 በታች። ቤት ውስጥ ኮራል የምናሳድገው ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ባለው ውስጥ ስንሆን እፎይ እንላለን። ቢሆንም 0.4 ኮራሎችህን ዛሬ ማታ አይገድላቸውም። አልጌውን ያፋፋል፣ ጠንካራ አጽም ያላቸውን ኮራሎች እድገት ያዘገያል፣ ቀለማቸውን ወደ ቡናማ ይጎትታል። በቃ። የሚገድላቸው በሁለት ቀን ከ0.4 ወደ ዜሮ መውረድ ነው። ያኔ ጫፋቸው ይነጣል፣ ከዚያ ሥጋቸው ከሥር ጀምሮ እየተላጠ ነጭ አጽም ይቀራል፤ አክሮፖራ የሚባለው ኮራል ትናንት ያማረ የነበረው በማግስቱ የለም።

ደግሞ ዜሮ ራሱ ግብ አይደለም። ኮራሉም፣ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎችም ፎስፌት ይፈልጋሉ። ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ሲሟጠጡ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ጣጣ ይመጣል፦ አሸዋው ላይ የተዘረጋ ቡናማ ንፍጥ፣ ላዩ ላይ የአየር አረፋ ያንጠለጠለ። አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ ነው፣ ቀንድ አውጣዎቹን ይጨርስብሃል። እኔን ከጠየቅከኝ ከእሱ ጋር ከመታገል ከፀጉራሙ አልጌ ጋር ዓመት መኖር ይሻላል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ፎስፌትህ ያለው ውኃው ውስጥ ብቻ አይደለም። ድንጋዩና አሸዋው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ ፎስፌት ደግሞ ላያቸው ላይ ይጣበቃል። ውኃው ውስጥ ሲበዛ ድንጋዩ ይቋጥራል፣ ውኃው ሲነጻ ደግሞ የቋጠረውን ይፈታል። ለዚህ ነው ሰው ዛሬ 0.1 አነበብኩ ብሎ ጮቤ ረግጦ በሳምንቱ 0.25 ሲያገኝ መሣሪያውን የሚረግመው። መሣሪያው ምንም አልሆነም፣ ድንጋዩ ነው የሚመልሰው። ውኃ መቀየር ብቻውን ብዙ የማይረዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንተ ገንዳውን ስታስነሳ ብዙ ድንጋይ ነበር የጨመርከው፣ ከዚያ ወዲህም ዓሦቹን በደንብ ስትቀልብ ኖረሃል። ስለዚህ ያ ሁሉ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ካሁኑ ልብህን አስፋ።

ጂ ኤፍ ኦው ጥሩ ነገር ነው፣ መጠኑን ብቻ ቀንስ። አምራቹ ከሚለው ሩቡን ይዘህ ጀምር። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ እጠበው፣ ያ ቀይ ቡናማ ብናኝ እስኪጠራ። ሪአክተሩ (ውኃ እየገፋ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ስታስገባው ፍሰቱን ቀስ አድርገህ ክፈትና ላዩን እየው፦ የላይኞቹ ቅንጣቶች ብቻ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ እዚያ ላይ አቁም። ሁሉም ከተንገላታ እርስ በርሱ ይፋጭና ዱቄቱ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከሪአክተሩ የሚወጣውን ውኃ ለብቻው ለካ፤ ከገንዳው ጋር እኩል ካነበበ ሥራውን ጨርሷል፣ ቀይረው። አልካሊኒቲህንም (ውኃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም) እግረ መንገድህን ተከታተል፣ ሊወርድ ይችላል።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር አጣራልኝ። ያ ሃና የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ትንሹ መሣሪያ ነው? አንዱ ዓይነት ፎስፌትን በፒፒኤም ያነባል፣ ሌላው ግን የሚያነበው ፎስፈረስን ነው፣ ያውም በፒፒቢ (ከቢሊዮን ክፍል)። የሁለተኛው ከሆነ በ3.066 አባዝተህ ለ1000 ማካፈል አለብህ፤ 33 ቢልህ 0.1 አካባቢ ነው ማለት ነው። ብልቃጡን ደግሞ ከማስገባትህ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። የጣት አሻራ፣ አንዲት የአየር አረፋ፣ ከፓኬቱ ጥግ ያልወጣ ዱቄት ቁጥሩን ይቀይሩታል። በአንድ ንባብ አትደናገጥ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እየለካህ ወዴት እንደሚሄድ እይ።

የሚገባውን ሳትቀንስ የሚወጣውን ብታሳድድ ትደክማለህ። አብዛኛው የሚመጣው ከምግብ ነው። የበረዶውን ምግብ ስታሟሟ የሚቀረውን ውኃ ድፋው፣ ዓሦቹ የማይጨርሱትን አትጨምር። ግን አታስርባቸው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። የምትሞላውን ውኃም ፈትሽ። አንዳንድ ከተማ የውኃ ቧንቧ እንዳይበላ ተብሎ ፎስፌት ይጨመርበታል፤ ስለዚህ የቧንቧ ውኃውን የሚያነጻው የአር ኦ ዲ አይ ማጣሪያህ ከሚያወጣው ውኃ ቲዲኤሱ (የሟሟው ነገር መጠን) ዜሮ ካልሆነ የመጨረሻውን ሬዚን (የማጣሪያውን ፍሬ) ቀይረው። በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን የስኪመሩንም አንገት ጥረግ፤ ቆሻሻው ሳይበሰብስና ፎስፌት ሳይሆን ነው መውጣት ያለበት።

አልጌውን በእጅህ ንቀለው። ሰው እንደ ጽዳት ብቻ ያየዋል እንጂ የነቀልከው እፍኝ የበላውን ፎስፌት ይዞ ነው የሚወጣው። ሳምፕህ (ማጣሪያዎቹ ያሉበት ሁለተኛው ገንዳ) ውስጥ ቦታ ካለ ኬቶሞርፋ የሚባለውን አልጌ አስገባና መብራቱን ሌሊት አብራለት፣ ሲበዛም አጭደህ ጣለው። ካላጨድከው ግን ምንም አላወጣህም።

ፎስፌትን አጣብቆ የሚያዘቅጠውን ፈሳሽ፣ ላንታነም ክሎራይድን፣ ለጊዜው እርሳው። ይሠራል፣ በፍጥነትም ያወርዳል፣ ችግሩም እሱው ነው፤ የሚፈጥረው ነጭ ዝቃጭ በደቃቅ ማጣሪያ ካልተያዘ ዓሦቹን ሊጎዳ ይችላል፣ በተለይ ታንግ የሚባሉትን። ለባክቴሪያ የካርቦን ምግብ እንዲሆን ቮድካና ኮምጣጤ ጨምርበት የሚሉህም አሉ። ባክቴሪያው ካርቦኑን በልቶ ሲራባ ናይትሬትና ፎስፌት አብሮ ይወስዳል፣ እውነት ነው፣ ግን ከፎስፌቱ ይልቅ ናይትሬቱን ነው በብዛት የሚጨርሰው። ናይትሬትህ ካሁኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ፎስፌቱ እዚያው ተቀምጦ ናይትሬቱ ያልቅብሃል።

ስለ ናይትሬትህ ደግሞ ምንም አልጻፍክልኝም። ዛሬ ለካና ከአልካሊኒቲው ጋር ላክልኝ፣ እስከዚያ ቮድካውን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ክፈተው።

ያንተው